ልብ ሲከስ ወደ እግዚአብሔር መቅረብ፦ በጸሎት ድፍረት ላጡ ምእመናን ዝርዝር መመሪያ

«በምን ፊቴ ልቅረብ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ አማኞችን ከጸሎት አስቀርቷል። ሰው ከበደለ በኋላ፣ ወይም ለወራት ከጸሎት ርቆ ከቆየ በኋላ፣ መጀመሪያ የሚያደርገው ራሱን ለማስተካከል መሞከር ነው። ጥቂት ቀን በደህና ልዋል፣ ይህን ጾም ልጨርስ፣ ልቤ ትንሽ ይሙቅልኝና ከዚያ እጸልያለሁ ይላል። ያ ቀን ግን ሳይመጣ ይቀራል፤ ርቀቱ ራሱ ሌላ ክስ ሆኖ ይጨመርበታል። ይህን መመሪያ የጻፍሁት ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ስለሚያዝ ነው። መቅረብ ይቀድማል፤ መንጻት ይከተላል።

«ድፍረት» ስለሚለው ቃል አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በእኛ አስተዳደግ በታላላቆች ፊት ድምፁን ከፍ ያደረገ ልጅ «ደፋር» ተብሎ ይገሠጻል፤ ስለዚህ በ1ኛ ዮሐንስ 3፥21 ላይ በእግዚአብሔር ዘንድ ድፍረት እንዳለን ስናነብ ጆሯችን ቃሉን በቀላሉ አይቀበለውም። ሐዋርያው የጻፈው የግሪክ ቃል ፓሬሲያ ሲሆን፣ መሠረታዊ ትርጉሙ ምንም ሳይሸሽጉ ሁሉን በግልጽ መናገር ነው። እንግዲህ ከእርስዎ የሚፈለገው የፍርሃት መጥፋት ወይም የስሜት መሞቅ ሳይሆን ያልተሸሸገ ቃል ነው። በየደረጃው ራስዎን የሚጠይቁት ጥያቄም «ምን ተሰማኝ?» ሳይሆን «የሸሸግሁት አለ?» የሚል ይሁን።

ከመጀመርዎ በፊት

ጊዜ። ለመጀመሪያው ቀን 40 ደቂቃ ያህል ይመድቡ። ማለዳ፣ ስልክ ከመከፈቱ በፊት፣ የተሻለ ነው። የነግህ ወይም የሠርክ ጸሎት የማድረስ ልማድ ካለዎት ይህን ከዚያ ጋር ያያይዙት፤ ልማድዎን ትተው አዲስ ሥርዓት አይፍጠሩ።

ቦታ። ጌታ በማቴዎስ 6፥6 መዝጊያህን ዘግተህ ጸልይ ያለው ሰው በማያይበት ቦታ ሰው አስመሳይ ስለማይሆን ነው። ሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ፣ በተለይም በዐረብ አገሮች ያሉ እኅቶች፣ የሚዘጋ በር ላይኖራቸው ይችላል። ነህምያ ንጉሡ «ምን ትለምነኛለህ?» ባለውና እርሱ መልስ በሰጠበት መካከል፣ በዚያ አጭር ጊዜ፣ ወደ ሰማይ አምላክ ጸልዮ ነበር (ነህምያ 2፥4)። ዕቃ እያጠቡ፣ ልብስ እየተኮሱ፣ ድምፅ ሳያሰሙ ደረጃዎቹን በልብ መከተል ይቻላል፤ በአንድ ቀን አንድ ደረጃ ቢሆንም ይበቃል።

ወረቀትና እስክሪብቶ። ስልክ ላይ አይጻፉ። የሚጻፈው ነገር ሌላ ዓይን እንዲያርፍበት የማይገባ ነው፤ ሲያበቃም መቀደድ አለበት።

ንባብ። ሦስት ቦታዎች ላይ ምልክት ያድርጉ፦ 1ኛ ዮሐንስ 3፥16–22፣ ዕብራውያን 4፥14–16 እና መዝሙር 51። የጸሎት ዳዊትዎ በቀደመው ቁጥር የተዘጋጀ ከሆነ ይህ መዝሙር 50ኛው ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ «ዛሬ ምን ይለኝ ይሆን?» ብለው መጽሐፍ ቅዱስን በዘፈቀደ አይግለጡ። ልቡ የሚከስሰው ሰው የፍርድ ቃል ሲገጥመው የተፈረደበት ይመስለዋል፣ የተስፋ ቃል ሲገጥመው ደግሞ አያምነውም። እንዲሁም በዚህ ሰዓት ስለት አይሳሉ። በጭንቀት የተሳሉት ስለት ነገ ሌላ የክስ ምክንያት ይሆንብዎታል።

ደረጃ 1፦ ክሱን በወረቀት ላይ ያውርዱ

ለ10 ደቂቃ ልብዎ የሚከስስዎትን ሁሉ አንድ በአንድ ይጻፉ። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ይሁን፤ ድርጊትና ሰው ይኑረው። «ክፉ ሰው ነኝ» ሳይሆን «ለእናቴ ገንዘቡ አልደረሰኝም ብዬ ዋሸሁ» ብለው ይጻፉ። «እርሱም ቢሆን እኮ» የሚል ማብራሪያ አይጨምሩ፤ ማብራሪያው እውነት ቢሆን እንኳ ቦታው እዚህ አይደለም።

ምንም ካልመጣልዎት፦ «የማንን ስልክ አላነሣም? በየትኛው ሰፈር ማለፍ እጠላለሁ? ማንን ባገኝ አንገቴን እደፋለሁ?» ብለው ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያ አለ።

ከመጠን በላይ ከመጣልዎት፦ 10 ደቂቃው ሲሞላ ያቁሙ። የልጅነት ዘመንን ሁሉ መቆፈር ንስሐ አይደለም። የቀረ ካለ በሌላ ቀን ይመጣል።

ደረጃ 2፦ ክሱን ይለዩ

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ አይቸኩሉ። በእያንዳንዱ መስመር ፊት ከአራቱ ፊደላት አንዱን ይጻፉ።

ሀ — የሠሩት ኃጢአት፤ ስሙ፣ ቀኑና ቦታው የሚታወቅ።
ለ — በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ወይም ዕዳ ያስከተለ በደል።
ሐ — እርስዎ ያላደረጉት፣ ነገር ግን ያሳፈረዎት ነገር።
መ — ድርጊት፣ ስምና ቀን የሌለው ክስ፤ «እግዚአብሔር ጠልቶኛል»፣ «እኔን አይሰማኝም» የሚል።

ስለ «ሐ» ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። ተገድዳ የተደፈረች ሴት፣ ባሏ ጥሏት የሄደ ሚስት፣ ልጁ የታመመበት አባት፣ ሥራ ያጣ ወጣት፣ የደረሰባቸውን ነገር እንደ ኃጢአት ተሸክመው ይቅርታ ሲለምኑ ይኖራሉ። ላልሠሩት ነገር ንስሐ አይገባም። እነዚህን መስመሮች ከኑዛዜው አውጥተው ወደ ልመናው፣ ማለትም ወደ ደረጃ 6፣ ያዛውሯቸው። ዮሐንስ 9 ላይ ደቀ መዛሙርቱ ስለ ዕውሩ «ማን ኃጢአት ሠራ?» ብለው ሲጠይቁ ጌታ እርሱም ወላጆቹም አይደሉም ብሎ የመለሰውን ያስታውሱ።

«መ»ን የሚለዩበት መንገድ ይህ ነው፦ የእግዚአብሔር መንፈስ ሲወቅስ የተደረገውን ነገር ያሳያል፣ መውጫውንም ያሳያል። ከሳሹ ግን ሰውየውን በጅምላ ይኰንናል፤ ምን ብታደርግ ይሻላል አይልም። ከ«መ» መስመር በስተጀርባ የተሸሸገ «ሀ» እንዳለ አንዴ ይመርምሩ። ካገኙ ይጻፉት። ካላገኙ መስመሩን ሰርዘው ይለፉ፤ አይከራከሩት።

መለየት ካቃተዎት፦ ወረቀቱን እንዳለ ይዘው ወደ ደረጃ 3 ይለፉ። ከቀረቡ በኋላ መለየት ይቀላል።

ደረጃ 3፦ የሚቀርቡበትን ዙፋን ይወቁ

ዕብራውያን 4፥14–16ን ድምፅዎን አውጥተው ሁለት ጊዜ ያንብቡ። በሁለተኛው ንባብ ሦስት ነገሮች ላይ ይቁሙ። ሊቀ ካህናቱ በነገር ሁሉ እንደ እኛ የተፈተነ ነው፤ ስለዚህ ድካምዎን ማስረዳት አያስፈልግዎትም። ዙፋኑ የጸጋ ዙፋን ተብሏል። የሚቀርቡበትም ጊዜ እርዳታ በሚያስፈልግበት ጊዜ ነው፤ ማለትም ችግሩ ካለፈ በኋላ ሳይሆን ችግሩ ውስጥ እያሉ።

ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገሩ፦ «ጌታ ሆይ፣ በራሴ ጽድቅ ሳይሆን በልጅህ በኢየሱስ ክርስቶስ እመጣለሁ።» ከዚህ በላይ መግቢያ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ የሚከሰተው የተለመደ ስሕተት መልካም ሥራን እንደ መግቢያ ወረቀት ማቅረብ ነው። በሉቃስ 18 ያለው ፈሪሳዊ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጾም ነበር፤ እኛም ረቡዕና ዓርብ እንጾማለን። ጾሙ ጥፋት አልነበረም። ጥፋቱ በጾሙ ተማምኖ መቆሙ፣ አጠገቡ ካለው ቀራጭም ጋር ራሱን ማወዳደሩ ነበር። ይጹሙ፣ ይስገዱ፣ አሥራትዎን ያውጡ፤ ነገር ግን በዚህች ሰዓት አይቍጠሯቸው።

ደረጃ 4፦ ይናዘዙ

በ«ሀ» እና በ«ለ» የተመለከቱትን መስመሮች አንድ በአንድ ያንብቡ። ከእያንዳንዱ በኋላ «ይህን አድርጌአለሁ፤ በደሌ ነው፤ ይቅር በለኝ» ይበሉ። ከዚያ 1ኛ ዮሐንስ 1፥9ን በልብዎ ይዘው የ«ሀ»ን መስመር በእስክሪብቶ ይሰርዙ፤ የ«ለ» መስመር ግን እስከ ደረጃ 5 ይቆይ። ለአንድ በደል አንድ ጊዜ ይበቃል።

ድርድር አይጨምሩ። የጠፋው ልጅ ወደ አባቱ ሲመለስ በመንገድ ያዘጋጀው ንግግር ሦስት ነገር ነበረው፦ በድያለሁ፣ ልጅህ ልባል አይገባኝም፣ ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ (ሉቃስ 15፥18–19)። ቁጥር 21ን ከዚያ ጋር ያስተያዩ፤ ሦስተኛውን ሳይናገር አባቱ ልብስና ቀለበት አስመጣ። እኛ ግን ሦስተኛውን ክፍል እናረዝማለን፦ ከዛሬ ጀምሮ ሌሊት ሌሊት እነሣለሁ፣ ዳግመኛ እንዲህ ባደርግ እንዲህ አድርገኝ እንላለን። ይህ የቅጥረኛ ንግግር ነው፤ ይተዉት።

ኦርቶዶክሳዊ ከሆኑ ይህ የግል ጸሎት በንስሐ አባት ፊት ለሚደረገው ኑዛዜ ዝግጅት ነው እንጂ ምትክ አይደለም። ወረቀቱን ሳይቀድዱ ይዘው ይሂዱ። የሚሰጥዎት ቀኖና ከጤናዎ ወይም ከሥራዎ ጋር የማይሄድ ከሆነ በዝምታ ተቀብለው በኋላ ከመተው እዚያው ቢናገሩ ይሻላል፤ አባቶች ይህን ያስተካክላሉ። የንስሐ አባት ከሌለዎት በአጥቢያዎ ያሉትን ካህን ቀርበው ይጠይቁ። ወንጌላዊ ከሆኑ በያዕቆብ 5፥16 መሠረት ምስጢር ለሚጠብቅ፣ በእምነት ለበሰለ አንድ ሰው ይንገሩ፤ ሴት ለሴት፣ ወንድ ለወንድ ቢሆን ይመረጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ ኑዛዜን በድምፅ መልእክት፣ በቴሌግራም ቡድን ወይም በጉባኤ መድረክ አያድርጉ። የሰማ ሁሉ ምሕረት ያለው አይደለም። ይሁዳ ሠላሳውን ብር መልሷል፣ በደሉንም በትክክል ተናግሯል፤ የተናገረው ግን «እኛስ ምን አግዶን» ለሚሉት ነበር (ማቴዎስ 27፥3–5)። በዚያው ሌሊት የካደው ጴጥሮስ መራራ ልቅሶ ካለቀሰ በኋላ ከወንድሞቹ መካከል አልጠፋም።

ደረጃ 5፦ የሰው ዕዳ ካለ ይክፈሉ

ማቴዎስ 5፥23–24 መባህን ተውና አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ይላል። «ለ» የተባሉት መስመሮች በጸሎት ብቻ አይዘጉም። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ለወራት ጸሎቴ ሁሉ ጣሪያ ነክቶ የሚመለስ ይመስለኝ ነበር፤ ጾምሁ፣ ቦታ ቀየርሁ፣ ሌሎች እንዲጸልዩልኝ አደረግሁ። የጎደለው አንድ ስልክ መደወል ብቻ ነበር፤ ከጓደኛዬ የተበደርሁትን ገንዘብ ሳልመልስ እርሱን እየሸሸሁ ነበር። ገንዘቡን በአንድ ጊዜ መመለስ አልቻልሁም። ነገር ግን መጠኑን ጠቅሼ፣ በየወሩ ስንት እንደምከፍል ነግሬ ይቅርታ በጠየቅሁበት ምሽት ያለ መሸማቀቅ ጸለይሁ።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ውስጥ የሚያደርጉትን አንድ እርምጃ ከነቀኑ ይጻፉ። ገንዘብ ከሆነ መጠኑንና የመክፈያ ጊዜውን ለባለቤቱ ይንገሩ። ሐሜት ከሆነ ለሰማው ሰው ሄደው ያስተካክሉ። ጠቡ የከረመ ከሆነ ሽማግሌ ይላኩ።

ሰውየው ካልታረቀዎት፦ ሮሜ 12፥18 በእናንተ በኩል እንደሚቻላችሁ ይላል። ድርሻዎን ፈጽመው ከሆነ መስመሩን ይሰርዙ።

ሰውየው ከሞተ፦ ዕዳውን ለወራሾቹ ይክፈሉ፤ ከሌሉ ለድሀ ይስጡ።

እውነቱን መናገር ሌላ ሰው ላይ አደጋ የሚያመጣ ከሆነ፦ ብቻዎን አይወስኑ። አስቀድመው የንስሐ አባትዎን ወይም መጋቢዎን ያማክሩ።

በዳይዎ እርስዎን የሚደበድብ ወይም የሚያስፈራራ ከሆነ፦ ይቅር ማለት ወደዚያ ቤት መመለስ ማለት አይደለም።

ያልተከፈለ ስለትም እዚህ ይመደባል። መክብብ 5፥4–5 ተስሎ አለመፈጸምን ያስጠነቅቃል። የተሳሉትን ይጻፉ፣ የሚፈጽሙበትን ቀን ይቍረጡ። ከአቅም በላይ ከሆነ በራስዎ ፈቃድ በሌላ ነገር ከመለወጥ ለንስሐ አባትዎ ወይም ለመጋቢዎ አቅርበው ምክራቸውን ይቀበሉ።

እርምጃው ገና ስላልተፈጸመ ደረጃ 6ን አይዝለሉት። ቀኑን ቈርጠው ከልብዎ ከወሰኑ ይቀጥሉ።

ደረጃ 6፦ ይለምኑ

አሁን አንድ ነገር ይለምኑ። ስሙን ጠርተው ይለምኑ፦ «ባርከኝ» ሳይሆን «የቤት ኪራይ የምከፍልበት ሥራ ስጠኝ»፣ «ልጄ ከሱስ ይውጣ»። ከደረጃ 2 የተዛወሩትንም እዚህ ያቅርቡ፤ «ይህ ደርሶብኛል፤ ፈውሰኝ» ይበሉ።

ቅርጹን ከጌቴሴማኒ ይውሰዱ (ማርቆስ 14፥36)። ጌታ «አባ አባት» ብሎ ጠራ፤ ሁሉ እንደሚቻለው ተናገረ፤ የሚፈልገውን ሳይሸሽግ ጠየቀ፤ ከዚያ ፈቃዱን ለአብ ሰጠ። አራቱም ያስፈልጋሉ። ሦስተኛውን የሚዘልሉ ሰዎች ከትሕትና የተነሣ የሚመስላቸው «እንደ ፈቃድህ ይሁን» ብቻ ይላሉ፤ ይህ ግን ብዙ ጊዜ እንዳያፍሩ ፍላጎታቸውን መሸሸጋቸው ነው። አራተኛውን የሚዘልሉ ደግሞ «አውጃለሁ»፣ «አሁኑኑ ይሁን» እያሉ እግዚአብሔርን ያዙታል። 1ኛ ዮሐንስ 5፥14 ድፍረታችንን እንደ ፈቃዱ ከመለመን ጋር አያይዞታል።

ደጋግሞ መለመን የእምነት ጉድለት አይደለም። ጌታ በዚያው ሌሊት ያንኑ ቃል ሦስት ጊዜ ጸልዮአል (ማቴዎስ 26፥44)። የተከለከለው በቃል ብዛት እንሰማለን ብሎ ማሰብ ነው።

ሁለት ከባድ ማስጠንቀቂያዎች፦ እምነትዎን ለማስመስከር ሐኪም ያዘዘልዎትን መድኃኒት አያቋርጡ። የስኳር፣ የሚጥል በሽታ ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት እየወሰዱ መጸለይና መጠመቅ ይቻላል፤ ማቋረጥ ግን ሕይወት ያሳጣል። ሁለተኛም «ዘር ዝራ፣ እኔ እጸልይልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ ሰው ምንም አይላኩ። በክርስቶስ የተከፈተውን መንገድ ሊሸጥልዎ የሚችል ሰው የለም።

ደረጃ 7፦ ተነሥተው አንድ ነገር ያድርጉ

አቡነ ዘበሰማያትን ወይም አባታችን ሆይን ቀስ ብለው ይጸልዩ፤ «የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ላይ ስም ካለዎት ስሙን ያስቡ። ወደ ንስሐ አባት የሚወስዱት ካልሆነ በቀር ወረቀቱን ይቅደዱ። ቀን የቈረጡበትን እርምጃ ግን በሌላ ወረቀት ይያዙ።

ከዚያ 1ኛ ዮሐንስ 3፥16–19ን ያንብቡ። ብዙ ሰዎች ቁጥር 20ንና 21ን ብቻ ነጥለው ስለሚያነቡ ሐዋርያው ልባችንን በፊቱ እናሳርፋለን ያለው በምን እንደሆነ ያመልጣቸዋል። ቁጥር 17 የሚናገረው ገንዘብ እያለው የሚያስፈልገው ወንድም አይቶ ርኅራኄውን ስለሚዘጋ ሰው ነው፤ ቁጥር 18 በሥራና በእውነት እንጂ በቃል አንዋደድ ይላል፤ ቁጥር 19 «በዚህ» ብሎ ይቀጥላል። ስለዚህ ልብ የሚያርፍበት አንዱ መንገድ በእጅ የሚሠራ ፍቅር ነው። ቀኑ ሳይመሽ የታመመ ጎረቤት ይጠይቁ፣ ያልበላ ሰው ያብሉ፣ ወላጆችዎ ጋ ይደውሉ። ኃጢአትን ለመካስ ብለው አይደለም፤ ልብዎ በቃል ብቻ ስለማያምን ነው።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

ቃል ካልወጣዎት። መዝሙር 13ን (በቀደመው ቁጥር 12ን) ያንብቡ። «እስከ መቼ» የሚለው ደጋግሞ የሚመጣበት አጭር ጸሎት ነው። ያም ከከበደዎት በማርቆስ 9፥24 ያለውን የአንድ አባት ጩኸት ይድገሙ፦ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው።»

የሰረዙት በደል ተመልሶ ከከሰስዎት። እንደገና አይናዘዙት። «ይህ ተነግሯል፤ ስለ ምሕረትህ አመሰግናለሁ» ብለው ወደ ሥራዎ ይመለሱ። በየቀኑ አንድን ነገር ለሰዓታት ደጋግመው የሚናዘዙ ከሆነ፣ ወይም በትክክል አልተናገርሁም እያሉ ጸሎቱን ከመጀመሪያ የሚጀምሩ ከሆነ፣ ለንስሐ አባትዎ ወይም ለመጋቢዎ ይንገሩ፣ ሐኪምም ያማክሩ። የሚታከም ሕመም ሊሆን ይችላል።

በዚያው ኃጢአት እንደገና ከወደቁ። በዚያው ቀን ይመለሱ። ነገ፣ ከእሑድ በኋላ፣ ከጾሙ ፍቺ በኋላ አይበሉ። ሲመለሱ ግን የወደቁበትን መንገድ ይመርምሩ፤ የስልክ ቁጥር ከሆነ ያጥፉ፣ ቤት ከሆነ በሌላ መንገድ ይሂዱ።

መልስ ከዘገየ። ጳውሎስ መውጊያው እንዲወሰድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ ያገኘው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነበር (2ኛ ቆሮንቶስ 12፥8–9)። ያልተሰጠው ነገር ከእግዚአብሔር መጣሉን አላመለከተም። ልመናዎን ይቀጥሉ፤ ከመዘግየቱ ግን ክስ አያውጡ።

መኖር ካስጠላዎት ወይም ራስዎን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎት። ይህን መመሪያ ይተዉትና ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ይንገሩ፤ ብቻዎን አይደሩ፤ ከሚያምኑት ሰው ጋር ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ኤልያስ ሞትን በለመነ ጊዜ እግዚአብሔር በመጀመሪያ የሰጠው እንቅልፍ፣ እንጎቻና ውኃ ነበር (1ኛ ነገሥት 19፥4–8)።

በሚቀጥሉት ቀናት

ሁሉንም ደረጃዎች በየቀኑ አይድገሙ። ከነገ ጀምሮ ከደረጃ 3 ጀምረው የዕለቱን በደል በአጭሩ ተናግረው ወደ ደረጃ 6 ይለፉ፤ 15 ደቂቃ ይበቃል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ማታ ከእሑድ አምልኮ በፊት፣ በአዲስ ወረቀት ላይ እንደገና ይጻፉ። በደረጃ 5 ቀን የቈረጡለት እርምጃ ሳይፈጸም ካለፈ አዲስ ዝርዝር አይጀምሩ፤ ያንኑ ይዘው በማግሥቱ ጠዋት ይደውሉ።